ሐዋሳ ላይ በዝናብ ቀን ወፍ ለማየት፦ ከአስጎብኚ ጋር ስትወጡ ምን ታደርጋላችሁ?

ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ ላይ ወፍ ለማየት ከአስጎብኚ ጋር ተቀጣጥራችኋል። ሌሊቱን ቆርቆሮው ሲንጣጣ አደረ። ስትነሱ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከሐይቁ ማዶ ያለው ተራራ አይታይም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስልኩን አንስቶ «በቃ፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን» ይላል። እኔ ግን አትቅሩ ባይ ነኝ።

ወፎች ካፊያ ብዙም አይገዳቸውም። የሚሸሹት ዶፍ ነው። በካፊያ ዳክዬው ይዋኛል፣ ሽመላው ውሃ ዳር ቆሞ ያደባል፣ ይብራው ሣር ይግጣል። ዶፉ ሲመጣ አብዛኛው ይሸሸጋል። ሲያባራ ደግሞ ርቦት የቆየው ሁሉ በአንዴ ይወጣል። ስለዚህ በዝናብ ቀን ዋናው ሙያ ዶፉን ጥሩ ቦታ ላይ ተጠልሎ መጠበቅና ሲያባራ እዚያው ሐይቁ ዳር መገኘት ነው። ከታች ያለው ምክር በሙሉ ለዚህ ነው።

1. መጀመሪያ ወሩን እዩ

ሐዋሳ ላይ ዝናብ የሚጠበቀው በሁለት ወቅት ነው። በበልግ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አካባቢ፣ በክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም። ለወፍ ተመልካች ሁለቱ ይለያያሉ። በበልጉ መጀመሪያ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች ገና ሄደው አላለቁም። በአንድ ጠዋት እንግዳውንም ነዋሪውንም ታያላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንግዶቹ በአብዛኛው የሉም፤ መመለስ የሚጀምሩት ወደ መስከረም ነው።

ክረምቱ ግን የራሱ ሲሳይ አለው። የአገሬው ወፎች ብዙዎቹ የሚዋለዱት ዝናብ ተከትለው ነው። ቀይ ቢሾፕ የሚባለውን ትንሽ ወፍ ውሰዱ። በበጋ ወንዱን ከድንቢጥ ለመለየት አስጎብኚም ይቸገራል። በክረምት ግን ጥቁርና እሳት የመሰለ ብርቱካናማ ለብሶ ሣር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከሩቅ ይታያል። ዊቨር የሚባሉት ቢጫ ወፎችም ጎጆ ሲሠሩ የምታገኟቸው በዚሁ ጊዜ ነው።

ዝናቡ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሆነ ጠዋቱን ያዙ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚያው ቀን ተነስቶ ንጋት ላይ ሐይቁ ዳር መድረስ አይታሰብም። ማታውኑ ገብታችሁ እደሩ።

2. ከአስጎብኚው ጋር ስለ ዝናቡ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ

ወፍ የሚያውቅ አስጎብኚና ከተማ የሚያስጎበኝ አስጎብኚ ለየቅል ናቸው። መታወቂያና ፈቃድ መጠየቅ ያለ ነው። ከዚያ በተጨማሪ ግን በስልክ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «በዚህ ሰሞን ሐይቁ ዳር ምን አለ?» ወፍ የሚያውቅ ሰው ቦታ እየጠቀሰ ይመልሳል። «ጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ፊላው ውስጥ እንዲህ ያለ አለ፤ እዚህ ጋ ደግሞ ሾላው አፍርቷል» ይላችኋል። ሌላው «ኧረ ሁሉም አለ» ይላል። «ሁሉም አለ» ከሚል ሰው ጋር አትውጡ።

ቀጥሎ ሒሳቡ ነው። በዝናብ ቀን ቅሬታ የሚነሳው ከዚህ ነው። ንግግሩ ባብዛኛው እንዲህ ይሄዳል፦

«ወንድሜ፣ ዝናብ ቢጥልስ?»

«ችግር የለውም ጋሼ፣ ተጠልለን እንጠብቃለን።»

«የምንጠብቅበት ሰዓትስ ይታሰባል?»

ሁለተኛዋን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘላታል። ከዚያ ረፋዱ ላይ አንዱ «ሁለት ሰዓት ሙሉ በረንዳ ላይ ነው የተቀመጥነው» ይላል፣ ሌላው «እኔስ ቤቴ ነበርኩ ወይ?» ይላል። በእኔ እምነት የመጠበቂያው ሰዓት መከፈል አለበት። ሰውየው ከእናንተ ጋር ቆሞ ሌላ ሥራ አልሠራም። እንዲያውም ጥሩ አስጎብኚ ዶፉ ውስጥ የሚያሳየው አያጣም፤ እዚያ ላይ እንደርሳለን። ሁሉንም የሚገላግለው በሰዓት ሳይሆን በግማሽ ቀን መዋዋል ነው። እሱም አይጣደፍ፣ እናንተም ሰዓት አትቁጠሩ።

ቀብድ ከሰጣችሁ ቀኑን ሙሉ ዶፍ ቢሆን ገንዘቡ ወደ ሌላ ቀን ይዞር እንደሆነ ተስማሙ። ጀልባው፣ ቤንዚኑ፣ አሳ የሚሸጥበት የአሞራ ገደል መግቢያው ሒሳቡ ውስጥ ይገቡ እንደሆነም ጠይቁ። የተስማማችሁበትን በአጭር የስልክ መልእክት ላኩለት። ለነገሩ ክፍያው በቴሌብር ቢሆንም ለጉርሻ የሚሆን ጥሬ ብር ኪስ ውስጥ መኖር አለበት።

ብዛታችሁም ይታሰብበት። ከአራት ወይም ከአምስት በላይ ከሆናችሁ ጃንጥላው ብቻ ወፍ ያስበረግጋል፤ አንድ መጠለያም አይበቃችሁም።

3. የምትይዙት

ባይኖኩላር፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው መነፅር፣ የግድ ነው። አስጎብኚው ትርፍ ካለው ቀድማችሁ አስይዙ። በአንዱ እየተቀባበሉ ማየት በዝናብ ቀን አይሆንም፤ ተራችሁ ሲደርስ ወፉ ሄዷል። የምትከራዩ ወይም የምትዋሱ ከሆነ 8 በ42 የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። 8 ማለት ስምንት ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው፤ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሰማይ ሲጠቁር የሚፈለገው ብርሃን ነው፣ ሰፊ መስታወት ደግሞ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ኪስ ውስጥ የሚገቡት 8 በ25 ፀሐይ ላይ ደህና ናቸው፤ ደመና ሥር ግን ወፉን ጥቁር ነጠብጣብ ያደርጉታል። ብዙ የሚያቀርበውን፣ 12 እና ከዚያ በላይ የሚለውን አትመኙ። እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እሱም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ጀልባ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።

ማታ ሆቴል ስትገቡ ተለማመዱበት። መንገድ ማዶ የቆመ ባጃጅ ፈልጉና ታርጋውን አንብቡ። መጀመሪያ ዓይናችሁን ታርጋው ላይ ትከሉ፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ፣ ከዚያ ባይኖኩላሩ መሐል ላይ ያለውን ማስተካከያ አዙሩ። አብዛኛው ጀማሪ መጀመሪያ ባይኖኩላሩን ዓይኑ ላይ ያደርግና በእሱ ቅጠል ለቅጠል ወፍ ይፈልጋል። በዚህ መንገድ ወፍ አይገኝም። መነፅር የምታደርጉ ከሆነ የዓይን በኩል ያለውን ጎማ ወደ ታች እጠፉት ወይም አዙራችሁ አስገቡት።

ልብስን በተመለከተ፦ የዝናብ ልብሱ ድምፅ የማይሰጥና ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ይሁን። ወፍ ቀለም በደንብ ይለያል። በተራመዳችሁ ቁጥር ኩሽ ኩሽ የሚል ላስቲክ ለብሶ ወፍ መጠጋት አይቻልም። ጫማ ቦቲ ቢሆን ጥሩ ነው። የሐይቁ ዳር ጭቃ ያንሸራትታል፤ በዚያ ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ብልሃርዚያ ያለበት ነውና በባዶ እግር ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መቆም አይመከርም። የወባ ትንኝም አለ። ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ።

ጃንጥላን አትናቁ። ወፍ ተመልካቾች ጃንጥላ ሲያዩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እኔ ግን ቆመው ለሚጠብቁበት ቦታ ከጃንጥላ የሚሻል አላውቅም፤ ኮፍያ ጆሮ ይደፍናል፣ ጃንጥላ ግን ድምፅ ያሰማል። ወፎቹ ጋ ሳትደርሱ ቀድማችሁ ዘርጉት። ድንገት «ቧ» ብሎ የሚከፈት ጃንጥላ አካባቢውን ባዶ ያደርገዋል። ጀልባ ላይ ስትወጡ ግን እጠፉት።

የቀረው ትንንሽ ነገር ነው። ሁለት ሦስት ፌስታል፣ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ፣ ሶፍት፣ ሹራብ፣ ፔርሙስ ሙሉ ሻይ፣ ቆሎ። ለማስታወሻ እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።

4. ጠዋት 12 ሰዓት፦ ከወፉ በፊት መጠለያውን ምረጡ

ፀሐይ ቀን ቢሆን ከአስጎብኚው ጋር ዝም ብላችሁ ትሄዱ ነበር። በዝናብ ቀን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቢጥል የት እንገባለን?» ነው። ጥሩ መጠለያ ጣሪያ ብቻ አይደለም። ከፊቱ ውሃም ዛፍም የሚታይበት፣ ነፋሱ ከጀርባችሁ የሚመጣበት ቦታ መሆን አለበት። ነፋስ ከፊት ከመጣ መስታወቱን እየጠረጋችሁ ነው የምትውሉት።

ሐዋሳ በዚህ ታድላለች። ከተማዋ ሐይቁ ላይ ስለተቀመጠች ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ አካባቢ ቡና አዝዛችሁ ሐይቁን የምታዩበት ቦታ አይጠፋም። ውሃ ዳር ያሉ የሆቴል በረንዳዎችም አሉ፤ ግቢያቸው ውስጥ ያሉት ትልልቅ ዛፎች በራሳቸው የወፍ መንደር ናቸው። አሞራ ገደል አሳ የሚሸጥበት ጋ የተከለሉ ቦታዎች አሉ። መኪና ካላችሁ ደግሞ እሱ ከሁሉም ይሻላል። ወፍ ሰው ሲያይ ይበራል፣ የቆመ መኪና ግን ብዙም አያስፈራውም። ጥቁር ውሃ በኩል ከዋናው መንገድ ወጣ ብላችሁ ሞተር አጥፉ፣ ነፋስ የማይመታውን መስኮት ዝቅ አድርጉና ተቀመጡ።

ነጎድጓድ ካለ ሌላ ሕግ ነው። ብቻውን የቆመ ረጅም ዛፍ ሥር መጠለል የለም። ብልጭ ካለበት እስኪያጓራ ድረስ ቁጠሩ፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳትሞሉ ካጓራ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትውጡ። እዚህ ላይ ከአስጎብኚውም ቢሆን አትደራደሩ።

የአየር ትንበያ ስልክ ላይ ማየት ደግ ነው። ለሚቀጥለው አንድ ሰዓት ግን አሳ አጥማጆቹን ጠይቁ። «አባባ፣ ይሄ ዝናብ ይቆያል?» ስትሏቸው ነፋሱ የመጣበትን አቅጣጫ አይተው ይነግሯችኋል።

5. ዶፉ ሲወርድ ምን ይታያል?

ብዙ ሰው ይህን ጊዜ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል። ያመልጠዋል።

መጀመሪያ ራቁታቸውን የቆሙ ቅርንጫፎችን እዩ። ትልልቅ አዳኝ ወፎች ከፍ ብለው የሚንሳፈፉት ፀሐይ ያሞቀው አየር ወደ ላይ ሲገፋቸው ነው። ዝናብ ሲሆን ያ አየር የለም፤ ስለዚህ ቁጭ ይላሉ። አሳ የሚይዘው ንስር፣ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው፣ በፀሐይ ቀን ከሩቅ ሲዞር የምታዩት ነው። በዝናብ ግን አንድ ቅርንጫፍ ላይ ክንፉን ሰብስቦ፣ ከምንቃሩ ጫፍ ውሃ እያንጠባጠበ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ለማየት እንዲህ የሚመች ጊዜ የለም። አስጎብኚው ቴሌስኮፕ ካለው አሁን ነው የሚተከለው።

ቀጥሎ ከውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ቅጠሎች ተመልከቱ። ጃካና የሚባል የአንገቱ ፊት ነጭ ሆኖ ጀርባው ቡናማ ቀይ የሆነ ወፍ አለ። ጣቶቹ እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቱ ይከፋፈልለትና ቅጠሉ ላይ ይራመዳል። በዚህ ወፍ ቤት እንቁላል ታቅፎ ልጅ የሚያሳድገው አባት ነው፤ እናቲቱ እንቁላሏን ጥላለት ወደ ሌላ ባል ትሄዳለች። ዝናብ ሲመጣ አባትየው ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ይሸክፋቸዋል። ብብቱ ሥር የተንጠለጠሉ ቀጫጭን እግሮች ካያችሁ ወፉ ስድስት እግር አብቅሎ እንዳይመስላችሁ። ልጆቹ ናቸው። እንዲህ ያለውን ስታዩ ባላችሁበት ቁሙ። አንድ እርምጃ ከተጠጋችሁ ጫጩቶቹን ይዞ ይሄዳል፣ እነሱም ይበርዳቸዋል።

ዊቨሮቹ ጎጆ የሠሩበት ዛፍ ቅርብ ከሆነ ጎጆውን በባይኖኩላር ከሥሩ እዩት። መግቢያው ወደ ታች ነው። ውሃው በጀርባው ተንሸራትቶ ይወርዳል እንጂ ውስጡ አይገባም። የሚሠራው ወንዱ ነው፤ ሴቷ መጥታ ትመረምረዋለች፣ ካልወደደችው ጥላው ትሄዳለች። ሐመርኮፕ የሚባለው ቡናማ ወፍ ደግሞ ዛፍ መሐል ላይ ከሜትር በላይ የሚሰፋ ጎጆ ይከምራል። እንጨት በእንጨት ላይ ደርድሮ፣ ጣሪያ አብጅቶ፣ ውስጡን በጭቃ ይለስነዋል። ማንም ያላየው ሰው ጎርፍ ያመጣው የእንጨት ክምር ነው ይላል።

ኪንግፊሸር የሚባለው ጥቁርና ነጭ ወፍ በዶፍ ጊዜ ይቸገራል። አሳ የሚይዘው ውሃውን አሻግሮ እያየ ነው፤ ጠብታ የረበሸው ውሃ አያሳየውም። ስለዚህ ሽቦ ላይ ወይም ፊላ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የት እንደተቀመጠ ልብ በሉ፤ ሲያባራ መጀመሪያ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ዓይናችሁ ሲደክም ጆሮ ስጡ። አስጎብኚውን «ይሄ ምንድን ነው?» እያላችሁ ከምትቆጥሩ «ይሄ ድምፅ ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ስሙን ብትረሱት ችግር የለውም። አንዳንዱ አስጎብኚ ስልኩ ላይ የወፍ ድምፅ ከፍቶ ወፉን ሊጠራላችሁ ይፈልጋል። በመራቢያ ወቅት ይቅርባችሁ በሉት። ወንዱ ባላንጣ የመጣ መስሎት ጎጆውን ትቶ ይወጣል፤ በዝናብና በብርድ ጎጆ ባዶ ሲሆን የሚጎዳው እንቁላሉ ወይም ጫጩቱ ነው።

መስታወቱ ላይ እንፋሎት ከሞላባችሁ አትደንግጡ። የዓይን በኩሉ የሚደፈነው በራሳችሁ ትንፋሽና ሙቀት ነው። ከፊታችሁ ትንሽ አርቃችሁ ያዙት፣ አየር ያግኘው። በነጠላ ወይም በሸሚዝ ጫፍ እርጥብ አሸዋ ያለበትን መስታወት ማሸት ግን መቧጨር ነው። መጀመሪያ እፍ በሉበት፣ ከዚያ በደረቁ ጥጥ ጠብታውን ንኩት። ሻይ ስትጠጡ ባይኖኩላሩን ከብርጭቆው እንፋሎት አርቁት።

6. ሲያባራ

አሁን ተነሱ። ሒሳቡ ቀድሞ የተከፈለ ይሁን፣ ጫማችሁ የታሰረ ይሁን። «አስተናጋጅ፣ ሒሳብ!» እያላችሁ አሥር ደቂቃ ካጠፋችሁ ጥሩው ጊዜ ሄደ። ሙሉ በሙሉ እስኪያቆምም አትጠብቁ፣ ወደ ካፊያ ሲመለስ ውጡ።

መጀመሪያ የምታዩት ከውሃው በላይ ዝቅ ብለው የሚወነጨፉትን ጅራተ መቀሶቹን ስዋሎዎች ነው። ዝቅ የሚሉት ነፍሳቱ ዝቅ ብለው ስለሚበሩ ነው። ቀጥሎ ትንንሾቹ ከቁጥቋጦ ይወጣሉ፣ ላባቸውን አራግፈው ማበጠር ይጀምራሉ። ወፉ ምንቃሩን ወደ ጅራቱ ሥር ወስዶ መልሶ ላባውን ሲያሸት ካያችሁ ዘይት እየተቀባ ነው። እዚያ ጋ እጢ አለችው።

ኮርሞራንት የሚባሉት ጥቁር ጠላቂ ወፎች ግንድ ላይ ወጥተው ክንፋቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። የእነሱ ላባ እንደ ዳክዬ ውሃ አይገፋም፣ ይርሳል። ለመጥለቅ ይረዳቸዋል፤ ዋጋው ደግሞ ልብስ ማድረቅ ነው። ለፎቶ እንዲህ የሚመች ወፍ የለም፤ ስለማይንቀሳቀስ በስልክም ይያዛል።

ከዚያ ሣሩን እዩ። አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ትሉ ወደ ላይ ይወጣል። ምንቃራቸው እንደ ማጭድ የታጠፈ አይቢሶች መስክና የሆቴል ግቢ ሣር ላይ ተሰልፈው ይቆፍራሉ። ሾላው ካፈራ አንገታችሁን ቀና አድርጉ። ሆርንቢል የሚባለው ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍ ከዛፍ ዛፍ ሲሻገር ከማየታችሁ በፊት የክንፉን ሹክታ ትሰማላችሁ። ሽው እያለ ነው የሚያልፈው። ጥቁር ክንፍ ያለው ትንሹ አረንጓዴ በቀቀንም ፍሬ አይምርም። እሱን በተለይ ጠይቁ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የለም። ግንባሩ ቀይ ከሆነ ወንድ ነው።

ዕድለኛ ከሆናችሁ አሸን ይወጣል። ከመጀመሪያዎቹ ጥሩ ዝናቦች በኋላ ባለ ክንፉ ምስጥ ከመሬት ፈልቶ ሲወጣ የምትረግጡበት ይጠፋችኋል። ያን ጊዜ ወፍ መፈለግ አያስፈልግም። ጭልፊቱ በአየር ላይ በእግሩ እየቀለበ ይበላል፣ ትንንሾቹ ከሥር ይለቅማሉ፣ ማራቡ የሚባለው ግዙፍ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ ሳይቀር እየተንገዋለለ ምስጥ ሲለቅም ታዩታላችሁ። አንድ ቦታ ቁሙ፣ አትሩጡ።

አስጎብኚው ወፍ ሲጠቁማችሁ ዛፉን የሰዓት ገጽ አድርጎ ይነግራችኋል። «3 ሰዓት ላይ» ካለ ከዛፉ በቀኝ በኩል፣ «12 ላይ» ካለ ጫፉ ላይ ማለት ነው። ይህን ቀድማችሁ ተስማሙ፤ የእጅ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። በጣት መጠቆም ግን ከቀረ ይሻላል። የተወረወረ ክንድ ወፍ ያስነሳል።

7. ጀልባ ላይ መውጣት አለባችሁ?

ዶፍ ወይም ነጎድጓድ ካለ መልሱ አይሆንም ነው። ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፣ መሐሉ ላይ መጠለያ የለም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ይንጣል። ጠዋት ሰማዩ ጸጥ ካለ፣ ጀልባዋ ጣሪያ ካላት፣ ለሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬት ካለ ውጡ። «ለአንድ ሰዓት ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚል ጀልባ ነጂ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውረዱ።

ከወጣችሁ ጥቅሙ ከመሬት የማይታየውን የፊላውን ውስጥ ማየት ነው። በተለይ ወደ ጥቁር ውሃ አፍ ያለው ረግረግ። ይህ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚፈሰው ብቸኛ ወንዝ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። እዚያ ፒግሚ ጉዝ የምትባለውን ትንሽ ዳክዬ መሰል ወፍ ፈልጉ። ቅጠል መሐል ስለምትደበቅ ከዳር ሆኖ ማየት ይከብዳል። ጀልባ ነጂውን ሞተር ከሩቅ እንዲያጠፋና በመቅዘፊያ እንዲጠጋ ጠይቁት። «ወንድሜ፣ ወፎቹን እናስነሳቸው» የሚል የቡድን አባል አይጠፋም፤ ለፎቶ ብሎ ነው፣ እምቢ በሉት።

ጉማሬም አለ። ከሩቅ ማየት ይበቃል።

8. አሞራ ገደልን ለመጨረሻ አቆዩት

አሳ አጥማጆቹ ጠዋት ጠዋት መረባቸውን ይዘው ይመጣሉ። አሳው ሲበለት አንጀቱና ቅርፊቱ ለወፍ ነው። አባ ኮዳዎቹ ዝናብ ቢጥልም አይሄዱም። ቁመታቸው እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል፣ ሁለት እርምጃ ያህል ቀርበው በእርጥብ ላባ ሲቆሙ የሚያስፈራ ነገር አላቸው። እግራቸው ነጭ የሚመስለው በራሳቸው ኩስ ስለሚቀቡት ነው፤ በሙቀት ጊዜ ያቀዘቅዛቸዋል። ዶፍ ሲያጥበው ከሥሩ ያለው ጥቁር ግራጫ ብቅ ይላል። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው ከረጢት ደግሞ አየር እንጂ ምግብ አይያዝበትም።

ልጆች አንጀት እየወረወሩ «ፎቶ አንሱ» ይሏችኋል። ወፎቹ እጅ ላይ መጋፋት እየለመዱ ነው፣ ምንቃሩም ቀላል አይደለም፤ ሕፃን ልጅ ይዛችሁ ከሆነ እጁን ያዙት። ጦጣዎቹ ዳቦና ሙዝ ይነጥቃሉ፤ ጉሬዛዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ከዛፍ አይወርዱም ባይባልም። መሬቱ ዝናብ ሲነካው በአሳ ዘይት ያንሸራትታል።

እዚያው ትኩስ የአሳ ሾርባ ጠጡ፣ የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ ብሉ። የረጠበ ሰው የሚያስታውሰው ይህን ነው። ጥሬ አሳ የሚወድ አለ፤ እኔ አልፈርድም፣ አልበላምም።

አስጎብኚው ጎን ተቀምጣችሁ ያያችሁትን ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ዝናቡ እንዴት እንደነበር፣ ስንት ወፍ። ኢበርድ የሚባለው በነፃ የሚሠራ መተግበሪያ ላይ ብትመዘግቡት ሌላውም ይጠቀምበታል። በዝናብ ቀን የሚመዘግብ ሰው ጥቂት ነው። ስሙን እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ግን አትጻፉ፤ «ቡናማ፣ ትንሽ፣ ጭራውን የሚያወዛውዝ» ይበቃል።

9. ሆቴል ስትመለሱ

ባይኖኩላሩን እርጥብ እንደሆነ ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ አታሳድሩት። መስታወቱ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል፣ ሻጋታ ከበቀለ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ክዳኑን አውልቁ፣ ማንገቻውን ፍቱ፣ አየር በሚነፍስበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ አይሁን። ቦቲው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ማታ ጋዜጣውን ቀይሩ። ጃንጥላውን ዘርግታችሁ መታጠቢያ ቤት አቁሙት። ነገ ጠዋት ደግሞ ከዳመነ ለአስጎብኚው ደውሉለት።